ጋሽ ዳምጤና ቡኒው ወረቀት

ጠፍጣፋ ነገር በቡኒ ወረቀት ተጠቅልሎ ሳይ እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ቤቲ ደረቷን የሚሸፍን ጥቅል ታቅፋ ቆማለች። የሲያትል ዝናብ እንደ ልማዱ ሳይጠነክርም ሳያባራም ይወርዳል፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። እኔ የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ማን ሞተብኝ? እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል፤ ወንድሜንም አልቅሼ ጨርሻለሁ። ሀገር ቤት የቀሩኝን ሰዎች አንድ በአንድ በልቤ ጠራኋቸው፤ ብዙም አይደሉምና ቶሎ አለቁ።

«እማማ ሙሉ፣ አር ዩ ኦኬ? ፊትሽ ልክ አይደለም። ቁጭ በይ፣ ፕሊስ» አለችኝ።

ቤቲ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፤ ታኮማ ነርስ ሆና ትሠራለች። «እርስዎ» ማለት አልለመደባትም፣ እኔም አልቀየማትም። እናቷ ደንበኛዬ ነበረች፤ ቤቲንም ወንበር ላይ ትራስ ደርቤ አስቀምጬ ሹሩባ የሠራኋት እኔ ነኝ። ያቀፈችው ነገር ምን ትርጉም እንዳለው ግን አታውቅም። በሷ ጊዜ ሰው ሞትን የሚሰማው በስልክ ነው። ጥቅሉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና ወረቀቱን ገለጠችው። ጋሽ ዳምጤ ከነጩ ወረቀት ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

እሱ ራሱ ነው። የከበደው የዓይኑ ቆብ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለው አፍንጫው፣ ሊቀልድ ሲል የሚያጎብጣት የከንፈሩ ጫፍ፣ አንድም አልቀረም። ከግንባሩ በላይ ግን ወረቀቱ ባዶ ነው። የፊታችን እሑድ ሙት ዓመቱ ስለሆነ ኮሚቴው በኮሙኒቲው አዳራሽ ሥዕሉን ሊሰቅል አስቧል፤ ቤቲ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል ያስተማራት እሱ ነውና «እኔ ነኝ የምሥለው» ብላለች። «ፀጉሩ ነው የጎደለኝ» አለችኝ። «ሁልጊዜ ኬፕ ኮፍያ ነው የሚያደርገው፣ ሶ ማንንም ብጠይቅ አያውቅም። ሁሉም ሰው ‹እማማ ሙሉን ጠይቂ› አለኝ።» መልሱን አውቀዋለሁ። የማውቀው ግን ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ስለሆነ ከሟች ሰው ፈቃድ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። «ቆይ ሻይ ላፍላ» ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ። ሻይ የምጠጣም አልነበርኩም።

ሠላሳ ዓመት ገደማ ሬኒየር ጎዳና ላይ ፀጉር ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ። ኮሎምቢያ ሲቲ ያኔ እንዲህ አልነበረችም። ባቡሩ የለም፤ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ነበር የሚያመላልሰን፣ እሱም ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይቀራል። ከሱቆቹ ግማሾቹ በጣውላ የታሸጉ ናቸው። ዛሬ አንድ ዳቦ በአሥር ዶላር የሚሸጥበት ቤት ያኔ የኔ ሱቅ ነበር፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ካስክ፣ አንድ የመታጠቢያ ወንበር፣ አንድ ጆንያ ቢጉዲን። ሹሩባ በሃያ ዶላር፣ ካስክ በአሥራ አምስት እሠራለሁ። ሴቶቹ ትከሻው ስፖንጅ ያለው ኮት ለብሰው ይመጣሉ፤ ወንዶቹ የቆዳ ጃኬትና ነጭ ሸራ ጫማ አድርገው በር ላይ ይጠብቃሉ። ቴፑ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል፤ ካሴቱ ሲጠማዘዝ በእርሳስ እናጠነጥነዋለን። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ እሸጥ ስለነበር ካርዱን በሳንቲም ፍቀው ከኔው ስልክ ሀገር ቤት የሚደውሉ ሞልተው ነበር። የትኛው ዓመት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ማን ፕሬዚዳንት እንደነበረም አላስታውስም። የቅባቱን ዋጋ ግን እስከ ሳንቲሙ አስታውሳለሁ።

ጋሽ ዳምጤን ያመጣብኝ መስታወቴ ነው። የናዝሬት ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ የሥጋ ቤት በሬ፣ የቡና ቤት ብርጭቆ፣ የጭነት መኪና ስም ሲሥል ኖሮ በሱዳን አድርጎ እዚህ የደረሰ። እዚህ ካፒቶል ሂል ላይ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ መስታወት ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይቆርጣል። ከአንዱ መኪና እስከ ሌላው መኪና ባለው ጊዜ የደረሰኝ ጥቅል ጀርባ ላይ ይሥላል። የሱቄን ስም መስታወቱ ላይ በቀይና በወርቅማ ቀለም ጻፈልኝ፤ ከጎኑም ባለ ጎፈሬ ሴት ሣለልኝ። ሂሳብ ስለው ሳቀ። «ከዚያ ከቆርቆሮሽ አንዴ እፍ በይልኝ» አለኝ። የፀጉር ስፕሬዬን ማለቱ ነው። በከሰል የተሣለ ሥዕል እጅ በነካው ቁጥር ይበላሻል፤ የሚያጸናው መድኃኒት ውድ ነው፣ የፀጉር ስፕሬይ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ ሳይገባ በጠዋት ሥዕሉን ይዞ ብቅ ይላል፣ እኔ እነፋለታለሁ፣ ሁለታችንም ኡሁ ኡሁ እያልን እንስላለን።

ያ ሰው ያልጫነው ሶፋ፣ ያልጻፈው ታፔላ የለም። አሮጊትና ሽማግሌ ለዜግነት ቃለ መጠይቅ በዚያች በተጨራመተች ቶዮታው የሚወስደው እሱ ነው፤ መንገድ ላይ ጥያቄውን እያስጠናቸው፣ ሲሳሳቱ እየተሳደበ። ቅዳሜ ልጆችን ሥዕል ያስተምራል። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይጠይቁታል፣ እሱ በአማርኛ ይመልሳል፤ እንዴት እንደሚግባቡ አንድ ቀንም ገብቶኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግን በለቅሶ ቤት ሥዕሉ ነው።

የተጀመረው እንዲህ ነው። የአንድ ልጅ እናት ሀገር ቤት ሞታ መርዶ ተነገረው። ልጁ የነበረው ፎቶ መታወቂያ ላይ ያለች የጣት ጥፍር የምታክል ናት። አልጋና ቴሌቪዥን ብቻ ባለበት አፓርትመንት ሰው ተደርድሮ ተቀምጦ የጠፋ ቴሌቪዥን እያየ ያለቅሳል። ሬሳ የለም፣ ቀብር የለም፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። ጋሽ ዳምጤ ይህን አይቶ ዝም ብሎ ወጣና በማግስቱ የሴትዮዋን ፊት ትልቅ አድርጎ በከሰል ሥሎ አመጣ። ልጁ ሥዕሉን አቅፎ ያን ጊዜ ነው በደንብ ያለቀሰው። ከዚያ በኋላ ያለ ጋሽ ዳምጤ ሥዕል መርዶ መንገር ቀረ። ሀገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ስልኬ ዘንድ ነው፤ ፎቶ ፈልገን በምስጢር እንሰጠዋለን፤ እሱ ይሥላል፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ ሲሄዱ እሱ በቡኒ ወረቀት የተጠቀለለውን ይዞ ከኋላ ይከተላል።

እናቶችን ሲሥል የራሱ ሕግ ነበረው። ሻሽ አስሮ አይሥልም። «ሻሹ ለጎረቤትና ለመታወቂያ ነው» ይለኛል። «ልጅ እናቱን የሚያያት ጠዋት፣ ሳታስር ነው።» ፎቶው ላይ ደግሞ ሁሉም ሻሽ አስረዋል። ስለዚህ ፀጉሩን እኔን ይጠይቀኛል። «ሙሉ፣ ፀጉሯን ንገሪኝ።» እኔም ልጆቿን በዘዴ አወጣጣለሁ፤ ሹሩባ ለመሠራት የመጣች ልጅ ጭንቅላቷን ሰጥታኝ ስትቀመጥ የማትናገረው ነገር የለም። ያቺ አልባሶ ትሠራ ነበር፣ ያቺ ሁለት ጉንጉን፣ ያቺ ደግሞ ከፊቷ ሽበት ብቻ እለዋለሁ። እሱ ፊቱን፣ እኔ ፀጉሩን፤ እንዲህ ሆነን ስንቱን እናት አብረን ሣልን።

ታዲያ ሰው ጥቅሉን መፍራት ጀመረ። አንድ ቀን ለምግብ ቤት የሠራውን የምግብ ዝርዝር ሰሌዳ ጠቅልሎ ከሰባት ቁጥር ሲወርድ፣ ደንበኛዬ እትዬ ዘውዴ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆማ አየችው። የገዛችውን እንቁላል ጥላ «እናቴን! እናቴን በላኋት!» ብላ ነጠላዋን ቀደደች። እሱ «የክትፎ ዋጋ ነው! የክትፎ ዋጋ ነው!» እያለ ወረቀቱን እየቀደደ ሲያሳያት ሰው ተሰበሰበ። ሳምንት ሙሉ ሳቅንበት። እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ ታፔላ ሲሸከም ዝናብም ቢሆን ሳይጠቀልል፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ነበር የሚይዘው። የሚጠቀለል ለመርዶ ብቻ ሆነ።

እንዲህ ሲኖር የራሱ ነገር መጣ። እናቱን ካየ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል። የአሜሪካ ፓስፖርት አገኘና ትኬት ቆረጠ፤ ከመሄዱ በፊት ግን የዓይኑን ሞራ ማስገፈፍ ፈለገ። «እናቴን አጥርቼ ልያት» አለ። ተገፈፈለት። ሐኪሙ እንዳያሽ፣ እንዳይጎነበስ፣ ጠብታም በየጠዋቱ እንዲጨመርለት አዘዘ። በተገፈፈ በሦስተኛው ቀን እህቱ ከናዝሬት ደወለችልኝ። እናታቸው አርፋለች። «ሙሉዬ፣ እባክሽ ብቻውን እንዳይሰማ» አለችኝ፤ ስልኩ ሳይዘጋ ካርዷ አለቀ።

እሑድ ከሰዓት ሱቄን ዘጋሁና ሽማግሌዎቹ እዚያው ተሰበሰቡ። የሚመሩት አቶ በርሄ ነበሩ፤ ቤተሰባቸው ከአሥመራ፣ እሳቸው ያደጉት አዲስ አበባ፣ ታክሲ የሚነዱ የተከበሩ ሰው። መርዶ መንገር ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። «ዓይኑ ሳይድን እንባ ሊነካው አይገባም» አሉ። «ሦስት ሳምንት እንታገሥ።» ሁሉም ተስማማ። እህቱም ስልክ ሲደውል «ጠበል ገብታለች» እንድትለው ተነገራት። «ጠብታውንስ ማን ይጨምርለታል?» ሲባል ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሺ አልኩ። በደግ ነገር የተስማማሁ መስሎኝ ነበር።

በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ይመጣል፤ የመታጠቢያው ወንበር ላይ ያንጋልላል። በዚያ ወንበር ኬፕ አድርጎ መንጋለል አይቻልምና የመጀመሪያ ቀን እያቅማማ አወለቀው። ያየሁትን ለማንም እንዳልናገር በማርያም አስማለኝ። እኔም ማልኩ። ከዚያ በጣቶቼ የዓይኑን ቆብ ከፍቼ ጠብታውን እጨምራለሁ፤ እሱ ወደ ላይ እያየኝ ስለ እናቱ ያወራል። «ስልክ አታነሣም እኮ። ጠበል ገብታለች አሉኝ። ደህና ባትሆን ይሆን?» ይለኛል። «ጠበል ለደህና ሰውም ነው» እለዋለሁ። እንደዚያ እየዋሸሁ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር። በራሴ የምፈራው ይህንን ነው።

አንድ ቀን ጫማ ልግዛላት፣ አብረሽኝ ነይ አለኝ። እናቱ እግሯን ወረቀት ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ነድፋ ልካለታለች፤ በመቀስ ቆርጦ ኪሱ ውስጥ ይዞታል። ዳውንታውን ካለ ትልቅ መደብር ገባን። ወረቀቱን በየጫማው ውስጥ እየከተተ ለካ፣ ጥቁር ለስላሳ ጫማ መረጠ። ከዚያ «እግራችሁ እኩል ነው፤ እስቲ አድርገሽ ሂጂበት» አለኝ። አደረግኩት። ምንጣፉ ላይ ወዲያና ወዲህ ተራመድኩ። እሱ አዲሱን ዓይኑን እያጨናበሰ እግሬን ያያል። «ይመቻል?» አለኝ። «ይመቻል» አልኩት። «ትወደዋለች?» «በጣም ትወደዋለች።» ከዚያ በኋላ ብዙ ጥፋት ሠርቼ ይሆናል፤ ሌላው ተረስቶኛል፣ ያ ግን አልተረሳኝም።

ሦስት ሳምንቱ አለቀና እሑድ ሊነጋ ሲል ወደ ቤቱ ሄድን። አቶ በርሄና ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ሴቶቹ ታች መኪና ውስጥ ይጠብቃሉ። በሩን ከፈተ። ፊታችንን አላየም፣ እጃችንን ነው ያየው። ባዶ ነው። ሥዕሉን የሚሥለው እሱ ነዋ፣ ማን ሥሎ ይያዝ! ፊቱ ዘና አለ። «ግቡ፣ ግቡ። ደግሞ የማን ነው? በዚህ ሌሊት ከመምጣት ኮል አታደርጉልኝም?» አለ። መብራት አበራ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የጫማ ካርቶን አንሥቶ ወንበር ላይ አኖረ፤ ወረቀት ዘረጋ፤ ከሰሉን ከቆርቆሮው አወጣ። ከዚያ እጁን ዘረጋልን። «ፎቶውን አምጡ እስቲ።»

አቶ በርሄ የከተማውን ግማሽ መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን አፋቸው አልታዘዘላቸውም። ሌሎቹም ወለሉን ያያሉ። ፎቶው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እህቱ በሰው እጅ ልካልኛለች፤ ያለ ፎቶ ወደ መርዶ መሄድ አልለመደብኝምና ይዤው ወጥቻለሁ። እጁ እንደተዘረጋ ነው። አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየውና «ይቺማ እናቴን ትመስላለች» አለ። ሁለተኛ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ አቶ በርሄን ተመለከተ፤ እሳቸው እንባቸው ሱፋቸው ላይ እየወረደ ነበር።

አልጮኸም። ተቀመጠና መሣል ጀመረ። ሴቶቹ መጡ፣ ቤቱ ሞላ፤ ባለቤቱ ሳያለቅስ ማን ቀድሞ ያለቅሳል? ሰው ሁሉ ቆሞ የከሰሉን ድምፅ ይሰማል። ግንባሯ ወጣ፣ ዓይኗ ወጣ፣ የሱ የራሱ ያዘነበለ አፍንጫ እሷ ላይም ወጣ። ጨልሞ የነበረው ሰማይ ነጋ። ከዚያ እጁ ግንባሯ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዞር ብሎ ፈለገኝ። «ሙሉ፣ ፀጉሯን ንገሪኝ» አለ።

ከልምድ ነው የጠየቀኝ። እናቱን አንድ ቀን እንኳን እንዳላየኋት በዚያች ሰዓት ረስቶታል። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ «ሁለት ጉንጉን፣ ወደ ኋላ የተያዘ» ልለው። ሦስት ሳምንት ለዋሸ ሰው አንድ ጉንጉን ምን ይከብደዋል? በዚያ ላይ ያጽናናዋል። ግን በዚያ በኔ ጠብታ በዳነ ዓይኑ እያየኝ ነበር። «አላውቅም፣ ጋሽ ዳምጤ» አልኩት። «እናትህን አይቻት አላውቅም።»

ወረቀቱን አየ። «እኔም አላውቅም» አለ። «ከኔ ቀድማ ነበር የምትነሣው። ሳታስር አይቻት አላውቅም።» ያን ጊዜ ነው የጮኸው። እኛም የያዝነውን ለቀቅነው።

ሰው ከቀለለ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሳህን ሳጥብ ከኋላዬ ቆመ። «መቼ ነው የሰማሽው?» አለኝ። ነገርኩት። «ጫማውን የገዛን ቀን ታውቂ ነበር?» «አውቅ ነበር።» «ታውቂ ነበርና አድርገሽ ሄድሽበት።» «አዎ» አልኩ። ጠጋ ብሎ የቧንቧውን ውሃ ዘጋና ኮቴን አቀበለኝ። በሳምንቱ በቆረጠው ትኬት ናዝሬት ሄደ። ኤርፖርት ያደረሰው ሌላ ሰው ነው።

የሠራነው ልክ ነበር ወይ? ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ልክ ነበር ይላሉ፤ ዓይኑ ተርፏል። እኔም ሲጠይቁኝ እንደዚያው እላለሁ። እሱ ሳይመጣ በቀረበት ሁለት ወር ግን ስፕሬዩን ከቦታው አላነሣሁትም ነበር። ለደንበኛ ሌላ ቆርቆሮ እከፍታለሁ እንጂ ያንን የሱን አልነካም። በጠዋት በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። በሕይወት ያለ ሰው ተቀይሞኝ ያዘንኩትን ያህል ሰው ሞቶብኝ እንኳን አዝኜ አላውቅም።

አንድ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ከመስታወቱ ውጭ የሴት ፊት አየሁ። ጋሽ ዳምጤ ሥዕሉን ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ መስታወቱ ላይ ደግፎታል፤ እሱ ከበስተኋላው ነው፣ የሚታየው ኬፑ ብቻ። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች። ጠቅልሎ ቢመጣ እንደምደነግጥ አውቆ፣ ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ እንዲህ ይዞት ተሻግሯል። ገባ። ሥዕሉን ወንበሩ ላይ አቆመው። አንድም ጭረት አልጨመረበትም፤ ከግንባሯ በላይ ወረቀቱ ነጭ ነው።

«አልጨረስከውም እንዴ?» አልኩት፤ ከሁለት ወር በኋላ ያልኩት የመጀመሪያ ቃል።

«አልቋል እኮ» አለኝ። «እህቴ ነገረችኝ። የተሰደድኩ ዓመት አንድ ነጋዴ መጥቶ ‹ዳምጤን በረሃ በላው› አላት። ድንኳን ጥላ አለቀሰችኝ፤ ፀጉሯንም ተላጨች። በኋላ ደብዳቤዬ ሲደርሳት ‹እሱን በዓይኔ ሳላየው አላሳድግም› አለች። ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ ስትላጭ ኖራለች። በፎቶው ሻሽ ሥር ፀጉር አልነበረም።» ቀጥሎም «ያን ዕለት ሹሩባ ነው ብትዪኝ ኖሮ ሹሩባ ሥዬላት ነበር» አለ።

«ልልህ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ። አፍሽን አየሁት» አለኝና ሥዕሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «በይ እንግዲህ እፍ በይበት።»

ስፕሬዩን አነሣሁ። ከላይ ወደ ታች ነፋሁት፤ ሁለታችንም ሳልን፤ እኔ ከሳልኩ በኋላም ዓይኔን ስጠርግ ቆየሁ። ይቅር ብዬሻለሁ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በማግስቱ ጠዋት እንደ ድሮው መጣ። ጫማውን እህቱ እንዳደረገችውና ትንሽ እንደጠበባት ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖርን። መኪና ማቆሚያው ጎጆውን አፍርሶ ካርድ የሚበላ ማሽን አቆመ። ባቡሩ መጣ፤ የሱቄ ኪራይ አልቀመስ ሲል ዘጋሁ፤ መስታወቴ ላይ የነበረችውን ባለ ጎፈሬ አዲሶቹ ሰዎች በምላጭ ፋቋት። እሱም ታመመ፣ ብዙም ሳይሰነብት ሄደ። ለቅሶው ላይ ከስልክ የወጣ ባለ ቀለም ፎቶ አሳትመው ሰቀሉ፤ ኬፕ አድርጎ፣ ፀሐይ አስጨፍኖት። የሰውን ሁሉ ፊት ሲሥል የኖረ ሰው የሚሥለው አጣ። ቤቲ ያን ቀን ፎቶውን እያየች ከንፈሯን ስትነክስ አይቻታለሁ።

ሻዩን ሳላፈላ ተመለስኩ። ቤቲ ጣቷን በከሰል አጥቁራ ትጠብቀኛለች። ልዋሽላት እችል ነበር። ሉጫ ነበር፣ ከጎኑ የተበጠረ ብላት እሑድ አዳራሹ ውስጥ ማን ያርመኛል? እሱም ራሱ ደስ ይለው ነበር፤ ዕድሜ ልኩን በኬፕ የደበቀው ለዚያ አይደል። መሐላዬን በልቤ ይዤ ሥዕሉን አየሁት። ባዶው ግንባር፣ ያዘነበለው አፍንጫ። እናቱን፣ የናዝሬቷን ሴት ነው የመሰለኝ።

«እማማ፣ ሶ? ፀጉሩ እንዴት ነበር?»

«ምንም አትጨምሪ። ጨርሰሽዋል» አልኳት።

«ዋት ዱ ዩ ሚን?»

«መላጣ ነበር። አንዲት ዘለላ የለችውም። ጋሽ ዳምጤ፣ ይቅር በለኝ!»

«ኖ ዌይ!» ብላ በከሰል እጇ አፏን ያዘች፤ ከንፈሯ ዙሪያ ጠቆረ። ሁለታችንም ስንስቅ ስንስቅ፣ ሳቃችን በመሐል ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ከመታጠቢያ ቤት ስፕሬዬን አመጣሁ። የሚነፋ ፀጉር ካጣሁ ቆይቻለሁ፤ መግዛቱን ግን አልተውኩም። ከላይ ወደ ታች ነፋሁት። ያ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ጠዋት ነው፣ ደንበኛ አልገባም፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ ሊስል ነው።

ቤቲ ስትነሣ ቡኒውን ወረቀት አንሥታ ልትጠቀልለው ጀመረች። «ዝናብ አለ እኮ» አለችኝ።

«አትጠቅልዪው» አልኳት። «ፊቱን ወደ ውጭ አድርገሽ ያዢው። እኔ ጃንጥላ ይዤ እከተልሻለሁ።»

መኪናዋን ፓርክ ያደረገችው ሁለት መንገድ አልፎ ነው። እሷ ሥዕሉን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እኔ ጃንጥላውን ከሱ በላይ ዘርግቼ፣ በሬኒየር ጎዳና ሄድን። እኔ በሰበስኩ፤ እሱን ጠብታ አልነካውም። አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ ያየዋል፣ የሚያውቁት አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፋሉ። አንድ ሰውም አልደነገጠም።